ከአጣቢዎቹ በላይ

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ከተመረቅሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ማስታወቂያው ሁሉ «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል። ባዮሎጂ ተምሮ ሥራ ያላገኘ ሰው ከየት ይጀምር?

አዛውንቱ፦ ከዓይኑ ይጀምር። ዶክተር አክሊሉ ለማን ታውቃቸዋለህ?

ወጣቱ፦ እንዶድን ያጠኑት። የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩቱም በስማቸው ነው።

አዛውንቱ፦ እንዴት እንደተጀመረስ? በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ብልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኟቸው። ይህን መንገደኛም ያየዋል። እሳቸው ግን ከአጣቢዎቹ በላይ ያለውንም ተመለከቱ፤ እዚያ በሕይወት አሉ። በሕይወት ያሉትን በዕቃ ሰብስበው የእንዶድ አረፋ አስጨመሩባቸው። ሞቱ።

ወጣቱ፦ እሳቸው እኮ አሜሪካ ተምረው የመጡ ናቸው።

አዛውንቱ፦ ትምህርቱን አላቃልልም። ቀንድ አውጣውና በሽታው ያላቸውን ግንኙነት ባያውቁ ኖሮ አይተው ባለፉት ነበር። የላዩን ከታቹ ማስተያየት ግን ገንዘብም መሣሪያም አይጠይቅም። ላብራቶሪ ውስጥ ማነጻጸሪያ የምንለው እሱን ነው። ስንት አዲስ ሠራተኛ አሠልጥኛለሁ፤ ማይክሮስኮፕ የማያውቅ አላስቸገረኝም፣ በሳምንት ይለምደዋል። የከበደኝ «እሱ ባይኖርበትስ?» ብሎ የማይጠይቀው ነው።

ወጣቱ፦ እኔ ምኑን ከምን ላነጻጽር?

አዛውንቱ፦ እናትህ ወተት በምን ትይዛለች?

ወጣቱ፦ በቅል፣ በወይራ አጥና። ቶሎ አይበላሽም ትላለች።

አዛውንቱ፦ ባልታጠነ ቅልስ?

ወጣቱ፦ እሱን… አይቼ አላውቅም። እኛ ቤት ሁልጊዜ ይታጠናል።

አዛውንቱ፦ አየህ? የታቹን ብቻ ነው ያየኸው።

ወጣቱ፦ እንግዲያው ሁለት ቅል እወስዳለሁ። የአንዲት ላም፣ የአንድ እለባ ወተት፤ አንዱ የታጠነ፣ አንዱ የታጠበ ብቻ። ጥላ ሥር አስቀምጬ በስንት ሰዓት እንደረጋ እጽፋለሁ።

አዛውንቱ፦ ቢለያዩ በጭሱ ነው ወይስ በቅሉ?

ወጣቱ፦ ቅሎቹን አቀያይሬ እደግመዋለኋ።

አዛውንቱ፦ አንዴ የታጠነ ቅል ጭሱ ታጥቦ ይለቃል?

ወጣቱ፦ (ጥቂት አስቦ) አይለቅም። እንግዲያው አዳዲስ ቅል፣ ሦስት ሦስት። የሚታጠኑትን በዕጣ እለያለሁ።

አዛውንቱ፦ ሰዓቱን እዚያው ጻፍ፤ ማታ አስታውሼ እሞላዋለሁ እንዳትል። የተበላሸብህንም አትሰርዝ። ስትጨርስ ደብተሩን ይዘህ ና፣ ለማውቃቸው የላብራቶሪ ኃላፊ አብረን እናሳያለን።

ወጣቱ፦ ምንም ልዩነት ባይገኝስ?

አዛውንቱ፦ ያኔም ይዘህ ና።