ከጤና መኮንንነት ወደ ሐኪምነት፦ ለጥናት ክበብ የቀረበ

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። በጤና መኮንንነት ያገለገለ ሰው ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት ሲያመለክት ምን ይጠበቅበታል? ከዚያስ በፊት፣ የሚያመለክተው ለምንድን ነው?

፩. የሙያው አመጣጥ

እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። በዚያን ጊዜ በአገራችን የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ለሐኪምነት የታጨ ተማሪ ወደ ውጭ ይላክ ነበር፤ ከሚላክባቸውም አንዱ ይኸው የቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው በ1964 ነው። ስለሆነም ጎንደር ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን እያሠለጠነ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ አሠማራ። በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ የሐኪም ረዳት ማሠልጠን የጀመረው በ1965፣ ማለትም ከጎንደር 11 ዓመት ዘግይቶ ነው። ከዚህ የምንረዳው ጤና መኮንን ትምህርቱን ያልጨረሰ ሐኪም ሳይሆን፣ በሕዝብ ችግር ምክንያት የተፈጠረ ራሱን የቻለ ባለሙያ መሆኑን ነው።

፪. በአገር ቤት ያሉ መንገዶች

በ2009 ለጤና መኮንኖች የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የማስተርስ ትምህርት ተጀመረ፤ ጊዜው 3 ዓመት ነው። በ2012 ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርግ አዲስ ፕሮግራም በ13 ተቋማት ተከፈተ። እንግዲህ ምጥ የጠናባትን እናት በቀዶ ሕክምና ማዋለድ የሚሻ ሰው የመጀመሪያውን መንገድ ሳይመረምር ቤይሩትን መመኘት የለበትም።

፫. በቤይሩት ማመልከት

እዚህ ትምህርቱ 4 ዓመት ነው፤ የሚገባውም የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ነው። የሥራ ልምድ ዓመት አይቀንስም። በጤና መኮንን ትራንስክሪፕት ላይ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አሉ፤ የሚጎድሉት ብዙውን ጊዜ ፊዚክስና ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ናቸውና አስቀድሞ ማሟላት ይገባል። ኤምካት የሚባለው ፈተና አራት ክፍል አለው፤ ውጤቱ ከ472 እስከ 528 ይሰጣል፤ ከዕረፍቱ ጋር ቀን ሙሉ ይወስዳል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ በሳን ዦዜፍ ዩኒቨርሲቲ ግን ፈረንሳይኛ ያስፈልጋል።

በማመልከቻ ደብዳቤና በቃለ መጠይቅ «ሐኪም መሆን የልጅነት ምኞቴ ነበር» ማለት ሚዛን አይደፋም። የጤና መኮንን ጉልበቱ ሥራው ነው። ምን ዓይነት በሽተኛ አየ? የቱ ላይ ዕውቀቱ አለቀ? ማንን ወደ ሆስፒታል ላከ፣ ለምንስ ላከ? ይህን በግልጽ ያስረዳ አመልካች ለምን እንደመጣ ያውቃል።

፬. ለማን ጥቅም?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ጤና መኮንን በሄደ ቁጥር በአንድ ጤና ጣቢያ አንድ ወንበር ባዶ ይሆናል። ሐኪም ሆኖ በከተማ ወይም በውጭ አገር ከቀረ፣ ገበሬው ሁለት ጊዜ ተጎዳ ማለት ነው፤ የነበረውን አጣ፣ የተጠበቀውንም አላገኘ። ስኮላርሺፕ ደግሞ ስጦታ ብቻ ሳይሆን ዕዳም ነው።

መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። እሑድ እሑድ በዶራና በቡርጅ ሐሙድ በከፋላ ሥርዓት ሥር በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችንን እናገኛለን። የሚጠይቁን ስለ ደም ግፊት፣ ስለ እርግዝና፣ ስለማይለቅ ሳል ነው። ያለ ፈቃድ ማከም ክልክል ነው፤ ማስረዳት፣ ማስተርጎምና የት እንደሚታከሙ መምራት ግን እንችላለን። ለዚህ የሚበቃን ጤና ጣቢያ የሚያስተምረው ዕውቀት ነው። ስለዚህ አቋማችን፦ ማደግ ተገቢ ነው፤ የወጡበትን ሙያ መናቅ ግን ተገቢ አይደለም።

ለውይይት፦
ሀ) በሥራችሁ ላይ ዕውቀት የጎደላችሁ የትኛው ላይ ነው? ያን ጉድለት የሚሞላውስ የትኛው መንገድ ነው?
ለ) ከተመረቃችሁ በኋላ የት ትሠራላችሁ? በጤና ጣቢያው የሚተካችሁስ ማን ነው?