የምርመራ ውጤትዎ ፋይል በማን እጅ ይገባል?

ወረርሽኝ ሲከሰት ከናሙናው ጋር የሰው ስምም አብሮ ይጓዛል። የኮሮና ቫይረስ ምርመራ በአገራችን ከመጀመሩ በፊት የተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ ግን ምርመራው ከአዲስ አበባ ወደ ክልሎች ሰፍቶ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲም ከመርማሪ ተቋማት አንዱ ሆነ። ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት የተወሰደ ናሙና ጅማ ላይ ሲመረመር የሰውየው ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ ቁጥርና ውጤት በሠንጠረዥ ሰፍሮ ወደ ላኪው መመለስ አለበት። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን የመልስ ጉዞ ነው።

በዚያን ጊዜ በመስክ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ በጅማ ዙሪያ ካሉት የቡና ከተሞች በአንዷ እንዲህ ያለው ሠንጠረዥ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ሲዘዋወር አይቻለሁ። የላከው ባለሙያ ክፉ አላሰበም፤ ኔትወርኩ ሲቆራረጥበት የቀረበውን መንገድ መረጠ እንጂ። በማግስቱ ስሟ በዝርዝሩ ላይ የነበረ አንዲት ቡና ለቃሚ ወደ ማበጠሪያ ቤቱ ስትሄድ እንዳትገባ ተከለከለች። ከስሟ አጠገብ «ኔጌቲቭ» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ያነበበ ግን አልተገኘም። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ባልደረቦቿ መካከል ናሙና ለመስጠት ፈቃደኛ የሚሆን ሰው ማግኘት አስቸገረን፤ በሽታው በመካከላቸው ይኑር አይኑር የምናውቅበት መንገድም በዚያው ልክ ጠበበ።

ታዲያ ውጤቱ ከጤና ተቋሙ ውጭ ላለ ሰው መድረስ ሲኖርበት በምን ይድረስ? የጅማ ነጋዴ መልሱን ከቡና ሥራ ያውቀዋል። ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን የሚገባ ቡና ናሙናው ለቀማሾች የሚቀርበው በመለያ ቁጥር ነው፤ ቀማሹ የማንን ቡና እንደሚቀምስ አያውቅም። ገዢውም የሚረከበው የገዛውን ቡና ነው፤ የመጋዘኑን ቁልፍ የሚሰጠው የለም።

ክላውድ ወይም የደመና ማከማቻ የሚባለው፣ ርቀው በሚገኙ ትላልቅ ኮምፒውተሮች ላይ በኢንተርኔት አማካይነት ፋይል የሚቀመጥበት መጋዘን ነው። በአግባቡ ሲሠራበት ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ አይዞርም፤ ፈቃድ ያገኘው ሰው ራሱ ወደ ፋይሉ ይመጣል። ለዚህ ሰው በራሱ ስም መግቢያ ይከፈትለታል፣ እርሱን የሚመለከተው ፎልደር ብቻ ይታየዋል፤ የአንዱ ወረዳ ባለሙያ የሌላውን ወረዳ ዝርዝር ማየት አይችልም። ማንበብ ብቻ የተፈቀደለት መለወጥም ሆነ መሰረዝ አይችልም። ማን፣ መቼ ገብቶ፣ ምን እንደወሰደ ይመዘገባል። የፈቃዱ ጊዜ ሲያበቃም መግቢያው ይዘጋል። በእኔ ግምት ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ይህ መዝጋቱ ነው፤ ለአንድ ዘመቻ የተከፈተ በር ዘመቻው ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ ገርበብ ብሎ ይገኛል።

በመንገድ ላይ ፋይሉን የሚጠብቀው ምስጠራ ነው። ኤፍ ቲ ፒ የተባለው የቀድሞ የፋይል መላኪያ ዘዴ የይለፍ ቃሉን እንኳ ሳይሸፍን ያስተላልፍ ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ የይለፍ ቃሎች ከተሰረቁ በኋላ፣ ታቱ ዩሎነን የተባለ ፊንላንዳዊ ተመራማሪ ሴኩር ሼል የተባለውን የተመሰጠረ የመገናኛ ዘዴ ሠራ። በኋላ በዚሁ ላይ የተመሠረተው ኤስ ኤፍ ቲ ፒ የይለፍ ቃሉንም ፋይሉንም መስጥሮ ያደርሳል፤ ዛሬ ታላላቅ የክላውድ አቅራቢዎችም ይሰጡታል።

ፋይሉ ከወረደ በኋላ

ምስጠራው እስከ መድረሻው ብቻ ነው፤ የእርስዎ ድርሻ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በጅማ መርካቶ ስልክ ላይ የደረሰን ውጤት ለማሳተም ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት መሄድ የተለመደ ነው። ፋይሉን በባለ ሱቁ ቴሌግራም ከላኩት ግን ወረቀቱን ይዘው ሲወጡ ፋይሉ እዚያው ይቀራል። በራስዎ ስልክ ከፍተው በኬብል ወይም በፍላሽ ያስተላልፉት፤ ከታተመ በኋላም ከኮምፒውተሩ፣ ከዚያም ከሪሳይክል ቢን ሲሰረዝ ቆመው ይመልከቱ። ይህን መጠየቅ አያሳፍርም፤ ደንበኛውን የሚያከብር ባለ ሱቅም አይቀየምም።

ውጤትዎን ለፈለጉት ሰው መንገር መብትዎ ነው፤ የተላከልዎትን ሊንክ ግን አያስተላልፉ። በስልክዎ የገባውን የማረጋገጫ ቁጥር የጤና ባለሙያ ነኝ ለሚልም ሰው አይስጡ፤ ከተጠራጠሩ በ8335 ይደውሉ። ቀጣሪ የሠራተኞቹ ውጤት በጅምላ እንዲላክለት ቢጠይቅ ተገቢው መንገድ እያንዳንዱ ሠራተኛ ማስረጃውን ራሱ እንዲያቀርብ ማድረግ ነው።

የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃ በተለየ ጥንቃቄ እንዲያዝ ያዛል። የእርስዎ ወይም የጎረቤትዎ ስም ያለበት ዝርዝር በቴሌግራም ከደረሰዎ ለማንም ሳያሳልፉ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። ሲያመለክቱም የደረሰዎትን ቀንና ሰዓት ይጥቀሱ፤ ጽሕፈት ቤቱ ከመግቢያ መዝገቡ ጋር አመሳክሮ ፋይሉ በማን በኩል እንደወጣ ለማጣራት ያስፈልገዋል።