ፕላዝማና አስተማሪ

በአገራችን ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ አብዛኛውን ትምህርት የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ካላወቀ ሌላውም ትምህርት ይጠፋበታል።

በ1997 ዓ.ም. በብዙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ የሚባል ሰፊ ቴሌቪዥን ገባ። የእንግሊዝኛም ትምህርት በሳተላይት ይተላለፍ ጀመር። የገጠሩና የከተማው ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት አየ። ይህ ጥቅም ነው።

ፕላዝማው ግን አይጠብቅም ነበር። ጥያቄ ጠይቆ፣ ተማሪው መልሱን ጽፎ ሳይጨርስ ያልፋል። ያልገባው ልጅ ቢጠይቀው አይሰማም። መብራት ከጠፋማ ትምህርቱ አመለጠ ማለት ነው።

ማረሻ ያለ ገበሬ አያርስም፤ መሣሪያም ያለ አስተማሪ አይበቃም።

ዛሬ በስልክ የሚታየውን ትምህርት አቁሞ መድገም ይቻላል። ልጃችን በስልክ እንግሊዝኛ ሲያነብ፣ «ያነበብከውን በአማርኛ ንገረኝ» እንበለው። ካቃተው ይድገመው። አሁንም ካልገባው አስተማሪውን ይጠይቅ።