ከኮሪያ የመጣው ሜዳሊያ

ጥያቄ፦ አያቴ ከኮሪያ ዘመቻ ያመጡት ሜዳሊያ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። በሎሚ ልፈትገው? ከየትኛው ሻለቃ እንደነበሩስ እንዴት ላጣራ?
አንባቢ፣ ከቦዲቲ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እባክዎ ሎሚውን ይተዉት። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ነሐስ ነው፤ እርጥበትና የእጅ ላብ አረንጓዴ ዝገት ያስይዙታል። ሎሚ ከዝገቱ ጋር ጽሑፉንም ይበላዋል፤ ለኛ ዘማቾች የተሰጠው በአማርኛ የተቀረጸ ነውና ያሳዝናል። በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ቀስ ብለው ይጥረጉት፤ ሰማያዊና ነጩን ጥብጣብ ውሃ አያስነኩ። ዝገቱ እንደ ዱቄት ከረገፈ የሙዚየም ጥገና ባለሙያ ይየው።

ሻለቃቸውን ለማጣራት፣ የዘመቻው ፎቶግራፍ ካለ ጀርባውን ያንብቡ። ቃኘው የተባሉት የኢትዮጵያ ሻለቆች ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ በየተራ ስለዘመቱ፣ የተጻፈ ዓመት ብዙ ይናገራል። ከዚያ አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር ያለውን የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር ይጠይቁ። ሲፈልጉ ከአያትዎ ዕቃ መሀል ጥይት ቢያገኙ ግን ሳይነኩ ለፖሊስ ያሳውቁ።