ጠላቂና የሰጠመ መርከብ

የአምበር፣ የቢቸናና የሞጣ ሰው ከባሕር ሩቅ ነው። ውሃ ግን ያውቃል። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት ሙጋና ሱሃ ክረምት ሲገባ ምን እንደሚያደርጉ ለእሱ ነጋሪ አያስፈልገውም። ዋና የሚችል ጎረምሳ ትንፋሹን ይዞ ጠልቆ፣ ከሥር ድንጋይ ይዞ ሲወጣም አይቷል። ያ ጎረምሳ ምን ያህል ይቆያል? መቶ እስኪቆጠር ከቆየ ጎበዝ ነው። ታዲያ አንዳንድ ሰዎች ባሕር ሥር ወርደው፣ የሰጠመ መርከብ ውስጥ ገብተው፣ ቀዳዳ ሲደፍኑና ብረት ሲቆርጡ የሚቆዩት እንዴት ነው?

ምሥጢሩ አየር ነው። እስቲ ቤት ውስጥ እንሞክረው።

አንድ ብርጭቆ ውሰዱ። ከሥሩ ጥቂት ባዘቶ ወትፉበት። አፉን ወደ ታች ደፍታችሁ፣ ምንም ሳታዘነብሉ፣ ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ አጥልቁት። ከዚያ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡት። ባዘቶው ደረቅ ነው! ብርጭቆው ባዶ መስሎን ነበር እንጂ ባዶ አልነበረም። አየር ሞልቶበታል። አየር ቦታውን ስለያዘ ውሃው መግባት አልቻለም። አሁን እንደገና አጥልቁትና ትንሽ ዘንበል አድርጉት። አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፤ ውሃው ይተካበታል።

አንድ ነገር ቀረ። የዱባ ቅጠል ዘንግ ቁረጡ፤ ውስጡ ክፍት ነው። ውሃ የሞላውን ብርጭቆ ከውሃው ሳታወጡ፣ እንደተደፋ፣ ዘንጉን ከአፉ በታች አስገብታችሁ እፍ በሉ። የነፋችሁት አየር ወደ ላይ ይወጣና ውሃውን በአፉ በኩል ይገፋዋል። ብርጭቆውም ይቀላችኋል፤ ልነሣ ልነሣ ይላል። ይህን ሙከራ ያዙልኝ። አሁን ወደ ምጽዋ እንሄዳለን።

በ1933 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻ ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቅቆ በወጣበት ሰሞን፣ በሰሜን በኩል ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ወደ ምጽዋ ወደብ ተቃርቦ ነበር። ምጽዋ ዛሬ የኤርትራ ወደብ ናት። ያን ጊዜ በጣሊያን እጅ ነበረች። የጣሊያን አዛዥ ወደቡን ማዳን እንደማይችል ሲያውቅ ጠላት እንዳይጠቀምበት አሰበ። የጣሊያንና የጀርመን መርከቦችን በፈንጂ እየቀደደ ወደቡ በር ላይና ወደቡ ውስጥ አሰጠማቸው። ብዛታቸው ከ30 በላይ ነበር። እንግሊዞች መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተማይቱን ሲይዙ ያገኙት በብረት ሬሳ የተዘጋ ወደብ ነው።

በዓመቱ፣ በመጋቢት 1934 ዓ.ም.፣ ኤድዋርድ ኤልስበርግ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን መጣ። ጠላቂዎቹ ጥቂቶች፣ ዕቃውም ጥቂት ነበር። ከኤርትራውያን የቀን ሠራተኞችና ከጣሊያን ምርኮኞች ጋር ሥራ ጀመረ። የምጽዋን ሙቀት ደግሞ የሰማ ያውቀዋል፤ ፀሐይ የመታው ብረት እጅ ያቃጥላል።

ከሰጠሙት መካከል ትልቅ ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ ነበር። ይህ ምንድን ነው? ውስጡ በክፍል በክፍል የተከፈለ ትልቅ የብረት ሣጥን ነው። ውሃ ሲያስገቡበት ዝቅ ይላል፤ መርከብ ይወጣበታል። ውሃው ሲመጠጥ ከነመርከቡ ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ የመርከቡን ሆድ ፍቆ መቀባትና መጠገን ይቻላል። ጣሊያኖች በዚህ ሣጥን ስምንት ክፍሎች ውስጥ ፈንጂ አስቀምጠው ሰባቱን ቀድደዋቸዋል። ቀዳዳዎቹ ከሥር ናቸው፤ ሣጥኑ ደግሞ ባሕሩ ወለል ላይ ተኝቷል። ከሥሩ ገብቶ ማን ይደፍነዋል? የማይሆን ነገር ነው ተብሎ ተትቶ ነበር።

ኤልስበርግ ቀዳዳዎቹን ለመድፈን አልደከመም። እንዲያውም ቀዳዳዎቹን ፈለጋቸው። የሣጥኑን የላይኛውን ክፍል አየር እንዳያስወጣ አደረገና በሞተር የታመቀ አየር ነፋበት። አየሩ ከላይ ተጠራቀመ፤ ውሃው በእነዚያው በተቀደዱት ቀዳዳዎች እየተገፋ ወጣ። ሣጥኑ ተነሣ። የተደፋው ብርጭቆና የዱባው ዘንግ ይህ አይደል? ፈንጂው የከፈተው ቀዳዳ የውሃ መውጫ በር ሆነ። ከዚያ በኋላ የሰጠሙ መርከቦችም ተነሡ። ሥራው ግን አደገኛ ነበር። በአንዲቱ መርከብ ሆድ ውስጥ ጠላቂዎች የተጠመደ ፈንጂ አግኝተዋል።

አሁን ወደ ጠላቂው እንመለስ። “ረጅም ሸምበቆ ይዞ፣ ጫፉን ከውሃ በላይ አድርጎ ለምን አይተነፍስም?” የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከአንድ ክንድ እምብዛም ሳያልፍ ያቅተዋል። ውሃ ይከብዳል፤ ደረትን ይጫናል። ሳምባ ያንን ጭነት አሸንፎ አየር ከላይ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ለጠላቂው የሚሰጠው አየር ውሃው በተጫነው ልክ የታመቀ መሆን አለበት። የዱሮ ጠላቂ ከላይ በቧንቧ ይነፋለት ነበር። በ1935 ዓ.ም. ፈረንሳውያኑ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን ጠላቂው በጀርባው ካዘለው ጠንካራ የብረት ጋን አየሩን እየመጠነ የሚሰጥ መሣሪያ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ጠላቂ ቧንቧ ሳይጎትት እንደ ዓሣ ይሄዳል።

የታመቀ አየር ግን ቂመኛ ነው። 10 ሜትር ጥልቀት፣ ማለትም 20 ክንድ ያህል፣ ላይ ጭነቱ በባሕር ወለል ፊት ካለው እጥፍ ይሆናል። እዚያ ሳምባውን የሞላ ሰው ትንፋሹን ይዞ ቢወጣ አየሩ ወደ እጥፍ ይነፋል፤ ሳምባውን ይቀድደዋል። ከዚያ ባነሰ ጥልቀትም ሰው ሞቷል። ስለዚህ ጠላቂ ትንፋሹን በፍጹም አይዝም። ወንዝ ውስጥ ትንፋሽ ይዞ የሚጠልቀው ጎረምሳ ግን ይህ አያሰጋውም፤ የያዘው የላይ አየር ስለሆነ ሲወጣ ወደ ነበረበት ይመለሳል እንጂ አይበልጥም። ሁለተኛ፣ ጥልቅ ቦታ ረጅም ጊዜ የቆየ ጠላቂ ቀስ እያለ መውጣት አለበት። ናይትሮጅን የተባለው የአየር ክፍል ደሙ ውስጥ ገብቷል። የለስላሳ ጠርሙስ ድንገት ሲከፈት አረፋው እንዴት እንደሚገነፍል አይታችኋል። ፈጥኖ የወጣ ሰው ደሙና መገጣጠሚያው እንዲያ ይሆናል፤ ሽባ የሆኑም አሉ።

ምጽዋ ላይ ችግሩ ሙቀት ነበር። በሰሜን አውሮፓ ጠረፍ ግን ብርዱ ነው። ውሃ የሰውን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። እዚያ የሚጠልቅ ሰው ወፍራም የጎማ ልብስ ካልለበሰ ጣቶቹ ደንዝዘው ገመድ መፍታት ያቅተዋል። ከሁሉ የከፋው የመጀመሪያው ደቂቃ ነው። ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ሳይወድ በግዱ ትንፋሹን ይስባል፤ ያን ጊዜ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃ ይጠጣል። ይህ በሰኔ ማለዳ ወንዝ ለሚሻገርም እውነት ነው።

 በስዊድን አገር ቫሳ የተባለች የእንጨት መርከብ በ1620 ዓ.ም. ገና በመጀመሪያ ጉዞዋ ሰጠመች። በ1953 ዓ.ም.፣ ከ333 ዓመት በኋላ፣ ጠላቂዎች ከሥሯ ዋሻ ቆፍረው ባሳለፉት የብረት ገመድ ስትነሣ እንጨቷ አልጠፋም ነበር። በጨዋማ ባሕር እንጨትን እንደ ምስጥ የሚበላ ትል አለ። እዚያ የውሃው ጨው ያነሰ ስለሆነ ትሉ አይኖርም።

ብዙ መርከቦች ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ እንደተኙ ናቸው። ለማየት የሚገቡ አሉ። መርከብ ውስጥ የገባ ሰው በእግሩ ደለሉን ካደፈረሰው በሩን አያየውም፤ ስለዚህ ከመግቢያው ጀምሮ ገመድ እየዘረጋ ይገባል። አየሩንም ሦስት ቦታ ይከፍላል፤ አንዱ እጅ ለመግቢያ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ለክፉ ቀን።

ሒሳብ ለሚወዱ ይህችን እንጨምር። ባሕር ወለል ፊት ላይ 60 ደቂቃ የሚበቃ አየር 10 ሜትር ላይ 30 ደቂቃ፣ 20 ሜትር ላይ 20 ደቂቃ ብቻ ይበቃል። 30 ሜትር ላይስ ስንት ደቂቃ ይበቃል? ከዚያስ ለመግቢያ የሚሆነው ስንት ነው?