ሕፃናትን ይዞ መጓዝ፦ ዓላማን የሚገልጹ ግሦች

ሀ. ምንባብ
ቤተሰባችሁ ከሌሎች ጋር ሆኖ በአስጎብኚ መሪነት ከበዴሳ ተነሥቶ በሶዶ በኩል ወደ አርባ ምንጭ ቢጓዝ፣ የትንሹ ልጅ ጥበቃ ብዙ ጊዜ ለእናንተ ለታላላቆቹ ይሰጣል። አስጎብኚው የሚመራው መላውን ቡድን ስለሆነ አንድን ሕፃን ሲከታተል ሊውል አይችልም።

ከሶዶ እስከ አርባ ምንጭ ብቻ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሕፃኑ በመንገድ እንዳይርበው ዳቦና ውሃ ያዙ፤ እንዳይሰለችም በሚታረፍበት ቦታ ሁሉ አውርዳችሁ አጫውቱት። በጫሞ ሐይቅ ላይ «የአዞ ገበያ» የሚባለውን ስፍራ ለማየት የሚኬደው በጀልባ ነው። ከመስጠም የሚያድነውን ሰደርያ ሳታለብሱት አታሳፍሩት፤ እጁን ወደ ውሃው እንዳይሰድድም አጠገቡ ተቀመጡ። አካባቢው ቆላ ነውና ማታ የወባ ትንኝ እንዳትነድፈው በአጎበር ውስጥ አስተኙት።

ለ. ማብራሪያ
«ዳቦ ያዙ» ማለት ትእዛዝ ብቻ ነው። «እንዳይርበው ዳቦ ያዙ» ሲባል ግን የትእዛዙ ዓላማ ይታወቃል፤ ዓላማው የታወቀ ምክር በቀላሉ አይዘነጋም። በአሉታ «እንዳይወድቅ ያዘው» እንላለን፤ በአዎንታ «እንዲያይ ከፍ አድርገው» እንላለን።

ሐ. መልመጃ
1. በምንባቡ ውስጥ ዓላማን በአሉታ የሚገልጹትን አራት ግሦች አውጥታችሁ ጻፉ።
2. አራቱንም ወደ አዎንታ ለውጣችሁ፣ በእያንዳንዳቸው ዐረፍተ ነገር ሥሩ።
3. አንድ ሕፃን ይዛችሁ ወደ ዳሞታ ተራራ ብትወጡ የምታደርጉትን ጥንቃቄ፣ ከነዓላማው፣ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።