የነጣ ኮራል ሁሉ አልሞተም፦ ሰው ሠራሽ ሪፍ ለሚተክሉ ባለሙያዎች

ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች በፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠሩ ያካፍሉታል፤ ቀለሙንም በአብዛኛው የሚያገኘው ከእነርሱ ነው። የባሕሩ ውሃ በዓመቱ ሞቃት ወቅት ከተለመደው ከፍተኛ ሙቀት በ1 ዲግሪ ጨምሮ ለሳምንታት ከቆየ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል፤ ያኔ ነጭ አጽሙ በሥጋው ውስጥ አልፎ ይታያል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው በሕይወት ያለውን ከሞተው ይለዩ። ጠልቀው ቀረብ ብለው ይመልከቱ። ላዩ ንጹሕ ሆኖ ሥጋው ካለ፣ ጥቃቅን እጆቹም ከተንቀሳቀሱ በሕይወት አለ፤ ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘ ሊያገግም ይችላል። አረንጓዴና ቡናማ አረም ከወረሰው ግን ሞቷል። ነጥቶ በሕይወት ያለውን አይንኩ፤ ለተከላ ብለውም አይቁረጡ።

ቀጥሎ ወለሉን ይመርምሩ። ሙቀት የገደለው ሪፍ አጽሙ ገና ቆሞ ከሆነ አዲስ ብረት አያስፈልገውም፤ የኮራል ችግኙን በዚያው ላይ ማጣበቅ ይቻላል። ሰው ሠራሽ መዋቅር የሚያስፈልገው ወለሉ ፍርስራሽ ሲሆን ነው። ፍርስራሹ ከሞገዱ ጋር ስለሚንከባለል በላዩ ያረፈ የኮራል እጭ ተጨፍልቆ ይሞታል። በኢንዶኔዥያ፣ ከደቡብ ሱላዌሲ ፊት ለፊት ባሉት የስፐርሞንዴ ደሴቶች፣ በፈንጂ ዓሣ ማጥመድ ሪፉን እንዲህ አድርጎት ነበር። እዚያ ባለ ስድስት ማዕዘን የፌሮ መዋቅር አሸዋ ተለብጦ፣ በእያንዳንዱ ላይ 15 ያህል የኮራል ቁርጥራጭ ታስሮ ይወርዳል፤ መዋቅሮቹም እርስ በርስ ተያይዘው እንደ መረብ ወለሉን ይይዙታል። በ2024 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚህ መንገድ የተተከሉ ሪፎች በ4 ዓመት ውስጥ ከጤነኛው ሪፍ በማይተናነስ ፍጥነት ማደግ ችለዋል።

የሚያወርዱት ዕቃ የከፋው ማዕበል ሲመጣም ከቦታው የማይነቃነቅ ይሁን። በፍሎሪዳ ከፎርት ላውደርዴል ዳርቻ በ1970ዎቹ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ አሮጌ ጎማዎች ሪፍ ይሆናሉ ተብለው ተጣሉ። ማሰሪያቸው ዝጎ ሲበጠስ ጎማዎቹ እየተንከባለሉ በአጠገባቸው ያለውን የተፈጥሮ ሪፍ ጎዱ፤ ከ2007 ጀምሮም የጦር ሠራዊት ጠላቂዎች ሳይቀሩ ለማውጣት ደክመዋል። ርካሽ መሆኑ ብቻውን ምክንያት አይሁንዎ። ላዩ ሻካራ፣ ከዘይትና ከቀለም ንጹሕ የሆነ ይምረጡ።

ችግኙን በተመለከተ፣ በመጀመሪያ በማዕበል ተሰብሮ የወደቀውን ይሰብስቡ። ያለፈውን ሙቀት ተቋቁመው የተረፉ እናት ኮራሎችን ያስቀድሙ፤ ከአንድ እናት ብቻ ግን አይውሰዱ፤ አንድ ዓይነት ችግኝ አንድ በሽታ ይጨርሰዋል። ፈቃድም አስቀድመው ያውጡ፤ ለምሳሌ በእስራኤል ኮራል በሕግ የተጠበቀ በመሆኑ ኢላት የሚሠሩ ወገኖች ስብርባሪም ቢሆን ያለ ፈቃድ አያንሱ።

መዋቅሩ ውሃውን እንደማያቀዘቅዝ ለገንዘብ ሰጪው በግልጽ ይንገሩ። በ2023 ፍሎሪዳ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ በባሕር ውስጥ የነበሩ ችግኞች በጥድፊያ ወደ የብስ ገንዳ ተወስደዋል። እርስዎም የመሸሻ ዕቅድ ይኑርዎት። የአሜሪካው የውቅያኖስና ከባቢ አየር መሥሪያ ቤት፣ ኖኣ፣ በሳተላይት የሚያወጣውን የሙቀት ማስጠንቀቂያ በነጻ ይከታተሉ። ትርፉ ሙቀት በሳምንታት ተባዝቶ ይቆጠራል፦ 4 ሲደርስ መንጣት፣ 8 ሲደርስ ሞት ይጠበቃል። ለምሳሌ 2 ዲግሪ ትርፍ ለ4 ሳምንት ከቆየ 8 ይሆናል። ቁጥሩ እየወጣ ሳለ አዲስ ተከላ አይጀምሩ።

ከተከላ በኋላ አረሙን ማጽዳት፣ ኮራል የሚበሉ ቀንድ አውጣዎችን መልቀም፣ የላላውን ማሰር፣ ከአንድ ቦታ በአንድ አቅጣጫ ፎቶ እያነሡ መመዝገብ ይቀጥላል። አረም የሚግጡት ዓሦች እንዳይጠመዱም ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ይስማሙ። ይህ ሁሉ የዓመታት ሥራ ነው፤ ውሉ የክትትል በጀት ከሌለው ሳይፈርሙ ያስጨምሩ።